የዋና መራጊው ጃንጥላ የተገለበጠች ዕለት

የምነግራችሁ ነገር ከራሱ እስከ እግሩ እውነት ነው። ውሸት ከተገኘበት ግራ እጄ ትሰለል። ቀኜን ያላስያዝኩት ስለምጠራጠር አይደለም፤ ታፔላ የምጽፍበት እሱ ስለሆነ ነው። ሰፈርተኛው «ቆርጦ ቀጥል» እያለ የሚጠራኝ በቅናት ነው። ትምህርቴንም የሚንቁ አሉ። እኔ ግን ስድስተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ አንዴ ብቻ ተምረው ያለፉት ምን ያህል እንደያዙ እነሱ ይወቁት።

የአገሩን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ሄዳችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ስትጠይቁ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው የራሱን እየጨመረበት የኔን እውነት ያበላሽብኛል።

በዚያ አገር ሥራን በስሙ መጥራት ነውር ነው። ሥጋ የሚሸጠው ሰውዬ በሩ ላይ «የቀንድ ከብት የመጨረሻ ምዕራፍ ማስተባበሪያ» የሚል ታፔላ ሰቅሏል። ፀጉር አስተካካዩ «የላይኛው አካል ገጽታ ማሻሻያ ተቋም» ይባላል። ቆሎ የምትሸጠዋ ሴት እንኳ ሳትቀር «የተጠበሱ እህሎች ስርጭት» የሚል ካርቶን ከፊቷ አቁማለች። ስሞቹን የሚያወጣው ሊቀ ቃላት የሚባል ሹም ነው። ስም ሲያወጣ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሲገልጥ ከአምስት ቃል ያነሰ ይዞ ወጥቶ አያውቅም። አንድ ጅል በሩ ላይ «ዳቦ ቤት» ብሎ ቢጽፍ ጎረቤቶቹ ልጆቻቸውን ዓይናቸውን ሸፍነው ያሳልፏቸው ነበር። እነዚያን ታፔላዎች ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የጻፍኩትን ሁሉ ተረድቻለሁ አልላችሁም።

እዚያው አገር፣ በየሰው ስልክ ውስጥ፣ አፈላላጊው የሚባል ነገር አለ። ምን እንደሚመስል አትጠይቁኝ፤ ያየው ሰው የለም። የቸገረህን ትጽፍለታለህ፤ እሱ ባለሱቆች ስለራሳቸው የጻፉትን ገጽ ሁሉ አገላብጦ «እዚህ ሂድ» ይልሃል። ሕዝቡ እሱን ከመልመዱ የተነሣ በዓይኑ መጠቀም ትቷል። አንድ ሰው ምግብ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ የወጡ ሽታ አፍንጫው ሥር እየገባ፣ «ምግብ ቤት የት አለ?» ብሎ ሲጽፍ በዓይኔ አይቻለሁ። አፈላላጊው ሌላ ሰፈር ላከው። ተነሥቶ ሄደ።

ሹማምንቱ ይህን አይተው የመኖር ቢሮ የሚባል መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። ሕጉ አጭር ነው። አፈላላጊው ለማንም አግኝቶት የማያውቀው ሱቅ እንደሌለ ይቆጠራል፤ የሌለ ሱቅ ደግሞ በር አያስፈልገውም። ስለዚህ ክረምት ሊወጣ ሲል ዋና መራጊው ድንጋይና ጭቃ አስጭኖ ይዞራል፤ የሌሉትን ሱቆች በር ይደፍናል። አስቀድሞ ምልክት እንዲሆን በሩ ላይ አንድ እስር ጭድ ይንጠለጠላል። ጭዱ ከተንጠለጠለብህ በኋላ የሚያወርደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ሰው አፈላላጊውን ጠይቆ፣ አንተን አግኝቶ፣ በእግሩ በርህ ድረስ መምጣት አለበት።

ሌላም ልጨምርላችሁ፤ በኋላ ያስፈልገናል። በዚያ አገር ሹም ያለ ጃንጥላ ሹም አይደለም። ትእዛዝ የሚነበበው በተዘረጋ ጃንጥላ ሥር ነው። ጃንጥላው ከታጠፈ ንባቡ ወሬ ነው።

እትዬ ዘርትሁን እንግዲህ ጃንጥላ ትጠግናለች። ሱቋ ከአንድ መጋረጃ ወዲህ ሱቅ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ቤት ናት። የወጣ ሽቦ ትመልሳለች፤ የተቀደደ ትሰፋለች፤ የተሰበረ እጀታ ትቀጥላለች። የጠገነችው ጃንጥላ ባለቤቱን ቀብሮ ለልጁ ይተርፋል። እሷ ግን ሥራዋን በስሙ ጠርታው አታውቅም። በሯ ላይ በኔው እጅ፣ በሊቀ ቃላት ቃል፣ «ከሰማይ የሚወርድ ፈሳሽ መከላከያ ተንቀሳቃሽ ጣሪያ እድሳት ማዕከል» ተብሎ ተጽፏል። ታፔላው ከሱቁ ስለረዘመ ጫፉን ጎረቤት ግድግዳ ላይ ነው ያስደገፍነው። አፈላላጊው የሚያነበው ገጿ ላይም ያው ነበር የተጻፈው፤ ትንሽ ይረዝማል እንጂ።

አንድ ቀን በበሯ ሳልፍ ጠራችኝ።

«አንተ ቆርጦ ቀጥል፣ ና እስቲ ወዲህ።»

«ምነው እትዬ?»

«ዘንድሮ በዚህ በር ማን እንደገባ ታውቃለህ?»

«ማን ገባ?»

«አንተ። ለዚያውም ጃንጥላ የለህም።»

ቀና ብዬ ሳይ እስር ጭዱ በሯ ላይ ተንጠልጥሏል። እሷ ከሥሩ ተቀምጣ ፒንሳዋን በጨርቅ ትወለውላለች። ምንም ሥራ ሳይኖራት ፒንሳ የምትወለውል ሴት ማየት ለልብ ጥሩ አይደለም።

«የት ልሂድ?» አለችኝ። «እዚህ ነው የተወለድኩት፤ እዚያ ከመጋረጃው ጀርባ። አባቴም እዚህችው በርጩማ ላይ ነበር። አሁን መጥተው የለሽም ይሉኛል። ቆይ፣ ከሌለሁ ይሄ ወገቤን የሚያመው የማንን ወገብ ነው?»

መልስ ሲያጥረኝ ተንኮል ነው የሚመጣልኝ።

በማግስቱ ዝናብ ሲጥል ታክሲ ሰልፉ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። ሰው ጃንጥላው ሲበላሽበት ምን እንደሚል ልሰማ ነው። ነፋሱ ሲበረታ ዝም ብዬ አዳምጣለሁ፤ ሲደክም ደግሞ ከኋላ በዱላ ጫፍ ትንሽ ትንሽ አግዘው ነበር። አንዲት ወይዘሮ ጃንጥላዋ ወደ ላይ ሲገለበጥባት «ይቺ የተረገመች! ደግሞ ተገለበጠችብኝ!» አለች። አንድ ሽማግሌ «ሽቦዋ ዓይኔን ሊያወጣው ነው፤ ማን ይቀጥልልኝ ይሆን?» አሉ። አንዱ ጎረምሳ ያለውን እዚህ አልጽፈውም፤ ያየችው መነኩሲት ግን አማትባለች። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል «ከሰማይ የሚወርደው ፈሳሽ መከላከያዬ» ያለ አንድ እንኳ አልነበረም።

ወደ እትዬ ዘርትሁን ሮጥኩ።

«ገጽሽን እንቀይረዋለን።»

«ወደ ምን?»

«ጃንጥላ እጠግናለሁ ብለሽ ትጽፊያለሽ።»

ፒንሳው ከእጇ ወደቀ። ግራና ቀኝ አየች። «ቀስ በል! ሰው ይሰማል!»

«ይስማ እንጂ! ሰው እንዲሰማ አይደል?»

«እኔን ዘርትሁንን... ጃንጥላ ጠጋኝ ልትለኝ?»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትጠግኚው?»

«እሱማ ጃንጥላ ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ግን ይባላል እንዴ? አባቴ ሳይለው የሞተውን ቃል!»

«እትዬ፣ አባትሽ ጭድ አልተንጠለጠለበትም።»

ጭዱን አየችው። ነፋሱ ሲነካው ገለባው አንድ ሁለት እያለ ደፏ ላይ ይረግፋል። ደፏን ደግሞ ጠርጋ የማትጠግብ ሴት ናት። መጥረጊያዋን አንሥታ ገለባውን ወደ ውጭ ጠረገችና «ጻፍ» አለችኝ። «ግን እኔ ዞር ስል።» ዞር አለች። እኔም ጻፍኩ፦

«ይቺ የተረገመች ጃንጥላ ተገለበጠችብዎ? ሽቦዋ ወጣ? ተቀደደች? እጀታዋ ተሰበረ? እትዬ ዘርትሁን ጃንጥላ ትጠግናለች። ቁጭ ብለው እያዩ ይጠገንልዎታል።»

አድራሻው ቀረ። ሊቀ ቃላት «በከተማይቱ ሰሜናዊ ምሥራቅ የልማት ቀጠና» ብሎ ነበር የጻፈላት። በዚያ አገር ሰሜን የት እንደሆነ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ሲጠየቅ ጣቱን ወደ ላይ ይቀስራል። እኔ ሰው እንደሚለው ጻፍኩት፦ «ከፈረሰው ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ግራጫዋ አህያ ከምትታሰርበት ፊት ለፊት።» ወፍጮ ቤቱ ሲፈርስ የነበረ ሰው በሕይወት የለም፤ ያም ሆኖ የማያውቀው ሰው የለም። አህያዋ ግን ትንቀሳቀሳለች። ባለቤቷን፣ ውሃ የሚያመላልሰውን ሰውዬ፣ ለመንኩት።

«ክረምቱ እስኪወጣ እንዳትፈታት።»

«ውሃውን ማን ይሸከምልኛል?»

«አንተ።»

«እሷስ?»

«እሷ አድራሻ ሆናለች።»

ሰውየው ከአህያዋ ጋር ሲተያይ ቆየና ገንቦውን ራሱ ተሸከመ። አህያዋ ከዚያ በኋላ አንገቷን ቀና አድርጋ መቆም ጀመረች። ሲያልፍ ሰላም የማይላት ሰው ሲገጥማት ታናፋ ነበር።

ፀጉር አስተካካዩንም ገጹ ላይ አንዲት መስመር እንዲጨምር ለመንኩት፤ «ተቆርጠው ሲወጡ ዝናብ ካገኘዎ፣ ጃንጥላዎም ከተገለበጠ፣ እትዬ ዘርትሁን ጎናችን ናት።» አፈላላጊው አንተ ስለራስህ ከምታወራው ይልቅ ጎረቤት ስለአንተ ያወራውን ያምናል። በዚህ እንኳ ከሰው አይለይም።

ታዲያ ወዲያው ሰው መጣ እንዳትሉኝ። አፈላላጊው አዲስ ነገር ቶሎ አያምንም። አንድ ነገር ሲጻፍ አይቶት ያልፋል፤ ተመልሶ ያያል፤ አሁንም መኖሩን ያረጋግጣል፤ ከዚያ ነው የሚያስብበት። እሱ እያሰበ ክረምቱ ይገፋል። እትዬ ዘርትሁንም በየማለዳው ከጭዱ የረገፈውን ገለባ ትጠርጋለች።

በዚህ መሀል ጋሽ ጓንጉል መጣ። ጋሽ ጓንጉል ከገበያው መሀል አዲስ ጃንጥላ የሚሸጥ ሀብታም ነው። የሱ ጃንጥላ እስክትገዛት ድረስ ደህና ናት። የመጀመሪያው ነፋስ ሲመታት ትገለበጣለች፤ ሰውም የሚጠግን ያለ ስለማይመስለው ማጀት ይወረውራትና ሌላ ይገዛል። አገሩ ውስጥ የተሰበረ ጃንጥላ የሌለበት ማጀት አልነበረም። ዋና መራጊው ራሱ የሚይዛት፣ ዳር ዳሯ ወርቃማ ጥልፍ ያለባት ጃንጥላ፣ የጋሽ ጓንጉል ስጦታ ናት። እትዬ ዘርትሁን ከሌለች ደስ የሚለው ሰው ማን እንደሆነ እንግዲህ ገባችሁ።

«አንተ ልጅ» አለኝ፣ «ሰው አፈላላጊውን የሚጠይቅበትን ቃል ታውቃለህ አሉ።»

«ትንሽ ትንሽ።»

«ለዚያች ሴትዮ ጽፈህላታል።»

«ጽፌያለሁ።»

«ለኔም ጻፍልኝ።»

«የትኛውን ቃል?»

ሳቀ። «የትኛውን ይለኛል! ሁሉንም ነዋ! ሰው የሚፈልገውን ነገር ሁሉ ጻፍ። ማንም ምንም ቢፈልግ እኔን ያግኝ። አንዴ በሬን ከረገጠ ጃንጥላ ሳይገዛ አይወጣም።»

«ሁሉንም?» አልኩ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ በሕይወት አንዴ ነው የሚመጣው።

«አንድ እንኳ እንዳይቀር!»

ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነበር። ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ጃንጥላ ጻፍኩ። ጃንጥላ ጠጋኝ ጻፍኩ። ከዚያ የጠፋ በሬ፣ አዋላጅ፣ ጥርስ ነቃይ፣ የምትታለብ ላም፣ ሚስት፣ ባል፣ የወደቀ ቁልፍ፣ የሚያለቅስ ሕፃን ማባበያ፣ የአማት ምላስ ማሳጠሪያ... ቃል ሲያልቅብኝ ገበያ ወጥቼ የሰው ጸሎት እየሰማሁ እጨምር ነበር።

አፈላላጊው መጀመሪያ ላይ ተታለለ። ያን ያህል ቃል አንድ ቦታ አይቶ ስለማያውቅ «ይሄ ሰውማ ሁሉም ነገር አለው» ብሎ አገሩን በሙሉ ወደ ጋሽ ጓንጉል ይነዳው ጀመር። ጃንጥላ ለሚያስጠግንም ጭምር እሱን ነበር የሚያሳየው። እትዬ ዘርትሁን ስልኳን አየችና ወደኔ ዞረች።

«ይሄን የጻፍክለት አንተ ነህ አሉኝ።»

«እኔ ነኝ።»

«እግዜር ይይልህ።»

«እትዬ፣ ትንሽ ታገሺኝ።»

«እየታገስኩ ነው እኮ። ሲመርጉኝም ታግሼ ነው የምቆም።»

ተንኮሌ ቀድሞ ካልደረሰላት ጭቃው ይደርስባታል።

ደግነቱ፣ የጋሽ ጓንጉል ሱቅ በሰው ተጥለቀለቀ። በዚያ አገር «አለኝ» ብሎ ጽፎ «የለኝም» ማለት ወንጀል ነው፤ የመጣው ሰው እስኪሰጠው ድረስ ቁጭ ብሎ የመጠበቅ መብት አለው። በሬ የጠፋበት ገበሬ መሬት ላይ ተዘርፍጦ ነበር።

«በሬዬን አምጣ።»

«በሬህን እኔ የት አባቴ አውቄ!»

«አለ ተብሏል። ቀንዱ ወደ ግራ የዞረው ነው። እጠብቃለሁ።»

ጥርሱን ያመመው ሰውዬ አፉን ከፍቶ አልዘጋም አለ። ጋሽ ጓንጉል ሲጨንቀው በሽቦ መጠምዘዣው አንድ ጥርስ ነቀለለት፤ ደህናውን። አንዲት ነፍሰ ጡር ምጧ መጥቶ እዚያው ባንኮኒው ጀርባ በሰላም ተገላገለች፤ ልጅቱ ጤነኛ ናት፤ ራሱን ስቶ ሲወድቅ የተጎዳው አዋላጁ ጋሽ ጓንጉል ብቻ ነው። ሚስት ፈልገው የመጡ አንድ አዛውንት ደግሞ ባል ፈልጋ የመጣች መበለት አጠገብ ተቀምጠው ሲጠብቁ ሲጠብቁ ተጫወቱ፤ ተግባቡ፤ እዚያው ሱቅ ውስጥ ተሠረገ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የፈለጉትን አግኝተው የወጡት አራስዋና ሁለቱ ሙሽሮች ብቻ ናቸው። ለሙሽሮቹ የተዘረጋላቸው ጃንጥላ እልል ሲባል ተገለበጠ።

የቀረው ሰው እየተራገመ ወጥቶ ያንኑ ጥያቄ አፈላላጊውን መልሶ ጠየቀ። አፈላላጊው ደግሞ አንድ ጠባይ አለው። የላከው ሰው ባዶ እጁን ሲመለስበት ያፍራል፤ ካፈረ ቂም ይይዛል። ጋሽ ጓንጉልን ከላይ አንሥቶ እታች ጣለው። እታች ስላችሁ ከታች በታች ነው፤ ሰው ስሙን ከነአባቱ ጽፎ ቢፈልገው እንኳ የማይወጣበት። አንድ ማታ ሰውዬው ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ስልኳን አየች፤ እሱን አየች፤ መልሳ ስልኳን አየች።

«የለህም ይላል» አለችው።

ራቱን ለድመቷ ሰጠቻት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አፈላላጊው ማሰቡን ሳይጨርስ፣ ዋና መራጊው መጣ። አቶ ድልነሳ ይባላል። ረጅም፣ ከሳ ያለ፣ ነገር ሲናገር ጉሮሮውን የሚጠራርግ ሰው ነው። ከኋላው ድንጋይ የጫኑ፣ ጭቃ ያቦኩ ሠራተኞች ተከትለውታል። ያን ዕለት ደግሞ ሰማዩ የተቀደደ ያህል ዝናብ ይወርድ ነበር፤ ነፋሱም አይጣል ነው። እትዬ ዘርትሁን በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች ነበር። ጭዷን ቀና ብላ አላየችውም።

«እማማ» አለ ዋና መራጊው፣ «እርስዎ የሉም።»

«አለሁ እንጂ ልጄ። እያየኸኝ አይደል?»

«ማየት አይበቃም። መገኘት አለብዎ።»

«ከማን ጋር ነው ታዲያ የምታወራው?»

አቶ ድልነሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከሌለ ሰው ጋር መነጋገር ለሥራዬ አይፈቀድልኝም» አለና ለሠራተኞቹ ራሱን ነቅንቆ ምልክት ሰጠ።

ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደረደረ፤ ጭቃ ተመረገ። ግንቡ ጉልበቷ ደረሰ፤ ወገቧ ደረሰ። እሷ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ። ዓይኗ ከግንቡ በላይ እኔን ያየኛል። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ቆርጦ ቀጥል» አለችኝ፣ «ጃንጥላ ጠጋኝ ነኝ።»

ጮክ ብላ ነው ያለችው። ሠራተኞቹ አፈሩ። አንዱ ጭቃውን ጣለ።

«አሁን ማለቷ ምን ይጠቅማታል?» አለ አንደኛው።

«ሳልለው እንዳልቀር ብዬ ነው» አለች።

ዋና መራጊው የመጨረሻውን ትእዛዝ ሊያነብ ያችን ወርቃማ ጥልፍ ያለባትን ጃንጥላ ዘረጋ። «የመኖር ቢሮ፣ በሕግ በተሰጠው ሥልጣን...» ከማለቱ ነፋሱ ከወፍጮ ቤቱ ፍራሽ ዞሮ መጣና ጃንጥላዋን ከሥር አነሣት። ቋ! አለች። ወደ ላይ ተገለበጠች፤ ሽቦዎቿ እንደ ሸረሪት እግር ተበተኑ። እምላለሁ፣ ያን ዕለት ዱላዬን አልያዝኩም ነበር።

የተዘረጋ ጃንጥላ የሌለው ሹም ሹም አይደለም። አቶ ድልነሳ ድንገት እንደ ማንኛውም መንገደኛ ሆኖ ቆመ። ሠራተኞቹ ጭቃቸውን ይዘው ግራ ገባቸው፤ አንዱማ ቁጭ አለ።

«ሌላ ጃንጥላ?» አለ አቶ ድልነሳ።

ማንም አልነበረውም። ስልኩን አወጣ። ሹምነቱ ከላዩ ስለተነሣ ቋንቋውም አብሮ ተነሥቶ ነበርና፣ እየጻፈ ጮክ ብሎ ያነብ ነበር። «ይቺ... የተረገመች... ጃንጥላ... ተገለበጠችብኝ...»

አፈላላጊው ብዙ አስቦ አስቦ ነበር፤ ያን ጊዜ ማሰቡን ጨረሰ። ስልኩም በጠራ ድምፅ ተናገረ፦

«እትዬ ዘርትሁን ጃንጥላ ትጠግናለች። ከፈረሰው ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ግራጫዋ አህያ ከምትታሰርበት ፊት ለፊት። ደርሰዋል።»

ዋና መራጊው ቀና አለ። የወፍጮ ቤቱን ፍራሽ አየ። አህያዋን አየ። አህያዋም አየችውና አናፋች፤ ሰላም አላላትም ነበራ። በመጨረሻ ከግንቡ በላይ ወደምትታየው ሴት ዞረ።

«እማማ» አለ፣ «ለካ አሉ።»

«ኖሬ ነበር ማለት ነው?»

«አሁን ተገኙ።» ጃንጥላዋን ዘረጋላት፤ ዘረጋላት ስል ሰጣት ማለቴ ነው፤ መዘርጋትማ እንቢ ብላ የለም እንዴ። «እንደ ደንበኛ ነው የመጣሁት።»

እትዬ ዘርትሁን እጇን አላነሣችም። «ደንበኛ በበር ይገባል» አለች።

«በሩ...»

«አዎ፣ በሩ። በሬ የት አለ ልጄ?»

አቶ ድልነሳ ግንቡን አየው። ገና ያልደረቀ ጭቃው እየተንጠባጠበ ነበር። ጉሮሮውን ሊጠርግ ሞከረና ተወው።

«አፍርሱ!» አለ።

«ጌታዬ፣ በሹምነት ነው የሚያዙን?» አለ ቁጭ ያለው ሠራተኛ። «ጃንጥላዎ እኮ...»

«በደንበኝነት! እየዘነበብኝ ነው፣ አፍርሱ!»

ሲያፈርሱት ያየሁት ፍጥነት ሲሠሩት አልነበረም። እሷ ደፏን በመጥረጊያ ጠርጋ፣ በርጩማ ስባ፣ «ግባ፣ ተቀመጥ» አለችው። ዋና መራጊው ገባ፤ ሲገባ ራሱን የመታው እስር ጭድ ከሚስማሩ ተላቆ ወረደ። አህያዋ በላችው።

ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ስትመልስ እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ ያያት ነበር። ስትጨርስ ዘርጋት አለችው፤ ዘረጋት፤ ነፋሱ መጣ፤ ጃንጥላዋ ነቅነቅ እንኳ አላለችም። ነፋሱ አፍሮ ዞሮ ሄደ። አቶ ድልነሳም መልሶ ሹም ሆነና በተዘረጋው ጃንጥላ ሥር አወጀ። «ይህች ሴት አለች። ጃንጥላ ትጠግናለች።» ያንን ቃል ከሹም አፍ የሰማ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ሊቀ ቃላት ታመመ አሉ።

አፈላላጊው አንዴ ካመነ ካመነ ነው። ዋና መራጊን ያህል ሰው ሄዶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ተደስቶ መውጣቱን ሲያይ ለጠየቀው ሁሉ እሷን ይናገር ጀመር። ከቀትር በፊት ሰልፉ ወፍጮ ቤቱን ዞሮ ታክሲ ተራው ደረሰ። እያንዳንዱ ሰው ማጀቱ ውስጥ የከረመ ጃንጥላ ይዟል፤ ሦስትና አራት ያቀፈ አለ። ዝናቡ እየወረደባቸው ቆሙ። «ጃንጥላ ጠጋኝ አለች ለካ!» ይላል አንዱ። «ቀስ በል፣ ነውር ነው» ይላል ሌላው። «ምኑ ነው ነውሩ? ሹሙ ራሱ ብሎታል!» ሽማግሌው፣ ያ ሽቦ ዓይናቸውን ሊያወጣው የነበረው፣ ከፊት ነበሩ። መነኩሲቷም ነበረች።

ከዚያ ወዲያ ነውሩ ተነነ። ሥጋ ሻጩ መጥቶ «ታፔላዬን አውርድና 'ሥጋ' ብለህ ጻፍልኝ» አለኝ። አውርጄ ጻፍኩለት። ቆሎዋ ሴትዮ ካርቶኗን ገልብጣ በጀርባው «ቆሎ» አለች፤ ቦታ ስለተረፋት አበባ ሣለችበት።

የጋሽ ጓንጉልን መጨረሻ ልንገራችሁ። እስር ጭድ በሱ በር ላይ ተንጠለጠለ። ጋሽ ጓንጉል እትዬ ዘርትሁን ሱቅ ድረስ መጥቶ ደፏ ላይ ቆመ፤ አልገባም። እሷ አየችው።

«ምን ሆንክ?»

«የለሁም» አለ። እንባው መጣ። ያ ትልቅ ሰውዬ!

እትዬ ዘርትሁን ወደኔ ዞረች። «ሂድና ጻፍለት። እውነቱን ግን።»

ጻፍኩለት፦ «አንድ ክረምት የማትሞላ ጃንጥላ እዚህ ይሸጣል። ስትገለበጥ እትዬ ዘርትሁን ዘንድ ይሂዱ።» በገጹ ላይ ሌላ ቃል አልተውኩለትም። ትስቃላችሁ፤ ግን ቶሎ የምትሰበር ጃንጥላ የሚፈልግ ሰው ስንት እንደሆነ አታውቁም። ለአማቱ ስጦታ የሚፈልግ አለ። ለአለቃው የሚፈልግ አለ። ሰውዬው ተገኘ፤ ሚስቱም ራቱን ከድመቷ መልሳ ሰጠችው።

እትዬ ዘርትሁን ዛሬም እዚያችው በርጩማ ላይ ናት። ታፔላዋን አሳጥሬዋለሁ፤ ከጎረቤት ግድግዳ ወርዷል። «ጃንጥላ እጠግናለሁ» ይላል። አህያዋ ውሃ ማመላለስ በሹም ትእዛዝ ተከልክላለች።

እንግዲህ በመሐላ የጀመርኩት ነገር ነው፤ ግራ እጄም ከቅድም ጀምሮ ትንሽ ደንዝዛብኛለች። ስለዚህ ሳልሰናበት አንዲት ነገር ላስተካክል። አህያዋ እውነት ናት። ሠርጉም፣ ደህናው ጥርስም፣ የድመቷም ራት እውነት ነው። ነፋሱም ነበር። ዝናቡ ግን የኔ ነው። ያን ዕለት ሰማዩ ታጥቦ እንደተደፋ ሳህን ጠርቶ ነበር፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ዋና መራጊውም «እየዘነበብኝ ነው» ያለው ላቡን ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ በጠራራ ፀሐይ የተሰበረ ጃንጥላ አቅፎ ወፍጮ ቤቱን ዞሮ ተሰለፈ ብላችሁ ማን ያምነኛል ብዬ ነው።